ከትንሽ ከተማ ተነሥቶ በሮክ ሙዚቃ ራስን ስለ መቻል፤ የአቴንስ ከተማ ምሳሌ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሮክ ሙዚቃ ሊኖሩ የሚፈልጉ ወጣቶች ከትልቅ ከተማና ከትልቅ ኩባንያ ርቀው ሳሉ ራሱን የቻለ ሥራ በምን ዓይነት መንገድ ሊያቆሙ እንደሚችሉ በአንድ በታወቀ ምሳሌ ማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠችው በአሜሪካ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት የምትገኘው አቴንስ የተባለችው ከተማ ናት። ስሟን ከጥንቷ የግሪክ ከተማ ከአቴና ትውሰድ እንጂ በስፋትም ሆነ በታሪክ ከዚያች ጋር የምትወዳደር አይደለችም። ነገር ግን ከ1976 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ስማቸው በዓለም የተሰማ የሙዚቃ ጓዶች ከዚህች ከተማ ወጥተዋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዕውቀት ወይም ተሰጥኦ ያለው ወጣት ከትንሽ ከተማው ወጥቶ ወደ ዋናው ከተማ ካልሄደ ሰው አይሆንም የሚለው አስተሳሰብ በየአገሩ የተለመደ ነው። በአሜሪካም ሙዚቀኛ የሆነ ሁሉ ኒውዮርክ ወይም ሎስ አንጀለስ መግባት አለበት ተብሎ ብዙ ዘመን ታምኗል። በዚህ እምነት ምክንያት ትንንሾቹ ከተሞች ልጆቻቸውን ያጣሉ፤ ከልጆቹም ብዙዎቹ ሥራቸው ገና ሳይበስል የቤት ኪራይ ዕዳ ይይዛቸውና ጊታራቸውን ይሸጣሉ። ስለዚህ ጥያቄው የሙዚቃ ብቻ አይደለም፤ አንድ ወጣት ባለበት ስፍራ ሆኖ የሚወደውን ሥራ መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ትንሽ ከተማ ለሙዚቀኛ ዝና አይሰጥም፤ የሚሰጠው በርካሽ የሚገኝ ጊዜ ነው። ይህም ጊዜ ወደ ቋሚ ሥራ ሊለወጥ የሚችለው ሙዚቀኞቹ ሦስት ነገር ሲያሟሉ ነው። ይኸውም ገቢያቸውንና ውሳኔያቸውን በእኩል ሲካፈሉ፣ በደረሱት ዘፈን ላይ ያላቸውን መብት ሲጠብቁ፣ እንዲሁም ከተማቸውን ከሌሎች መሰል ከተሞች ጋር በመንገድና በራዲዮ ሲያያይዙ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሐተታ ይህንኑ በየተራው ያሳያል።

1. «ራሱን የቻለ» ማለት ምን ማለት ነው?

በሙዚቃ ንግድ ራሱን የቻለ አሳታሚ የሚባለው በባለቤትነት ከትልልቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች ሥር ያልሆነ፣ ብዙውን ጊዜም አንድ ወይም ሁለት ሰዎች በትንሽ ገንዘብ የሚያካሂዱት ድርጅት ነው። ስለ ሙዚቀኛው ሲነገር ግን ቃሉ ከዚህ ሰፋ ይላል። ሙዚቀኛው ራሱን መቻሉ የሚታወቀው ለሦስት ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ነው፤ ዘፈኑ የማን ንብረት ነው? ምን እንደሚቀዳ የሚወስነው ማን ነው? የሚገኘው ገንዘብስ እንዴት ይከፋፈላል?

እነዚህ ጥያቄዎች ለምን እንደሚያስፈልጉ ለመረዳት የትልቁን ኩባንያ አሠራር ማወቅ ይገባል። ኩባንያው አንድን ጓድ ሲያስፈርም ቀብድ ይሰጠዋል። ቀብዱ ስጦታ አይደለም፤ ከጓዱ የሽያጭ ድርሻ ላይ እየተቀነሰ የሚመለስ ሒሳብ ነው። የስቱዲዮው ኪራይም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚሁ በጓዱ ስም ይጻፋል። ስለዚህ ሸክላው በብዙ ሺ ተሽጦ ሙዚቀኞቹ ከሽያጩ አንድ ሳንቲም ሳያዩ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ቀብዱ በበዛ መጠን ተቀናሹ ይበዛል፤ ተቀናሹ በበዛ መጠን ደግሞ ሙዚቀኛው እንቢ ለማለት ያለው ኀይል ይቀንሳል። እንግዲህ ራስን መቻል ማለት ኩባንያን መጥላት ወይም ድህነትን መውደድ አይደለም። የማይፈልጉት ነገር ሲቀርብ እንቢ ለማለት መቻል ነው።

2. ከተማይቱና በውስጧ ያለው

አቴንስ ከአትላንታ በስተ ምሥራቅ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በ1980 የሕዝቧ ቁጥር ከ40 ሺ ጥቂት ከፍ ይል ነበር። በከተማይቱ በ1785 የተመሠረተው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ስለሚገኝ ከ20 ሺ የማያንሱ ተማሪዎች በየዓመቱ ይኖሩባታል። ይህ ሁኔታ ለሙዚቃ አራት ጥቅም ሰጥቷል።

አንደኛው የኑሮ ርካሽነት ነው። ተማሪዎች አሮጌ ቤቶችን እየተከራዩ በማኅበር ይኖሩ ስለ ነበር አንድ ሰው በሳምንት ጥቂት ቀን በሱቅ ወይም በምግብ ቤት ሠርቶ የቀረውን ቀን ለልምምድ ሊያውለው ይችል ነበር። በትልቅ ከተማ ለመኖሪያ ብቻ የሚወጣው ጉልበት እዚህ ለሙዚቃው ይውል ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው አድማጭ ነው። ተማሪ በየዓመቱ ይመጣል፣ በየዓመቱም ይሄዳል። የሚመጣው አዲስ አድማጭ ሲሆን የሚሄደው ደግሞ ወሬውን ወደ ሌላ ከተማ ይዞ የሚሄድ መልእክተኛ ነው። ከዚህም ሌላ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍል ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የሚማሩ፣ አዲስ ነገር ለመሞከር የማያፍሩ ወጣቶችን ሰብስቦ ነበር።

ሦስተኛው የሸክላ ሱቅ ነው። ዋክስትሪ የተባለው ሱቅ ሸክላ መሸጫ ብቻ ሳይሆን ከሩቅ አገር የመጣ ሙዚቃ የሚሰማበትና ሙዚቀኞች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁበት ስፍራ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ለተማሪ የሚሰጠውን አገልግሎት ሱቁ ለሙዚቀኛ ይሰጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አራተኛው የተማሪዎች ራዲዮ ነው። ደብሊው ዩ ኦ ጂ የተባለው የዩኒቨርሲቲው ጣቢያ ሥራውን የጀመረው በ1972 ሲሆን የሚያካሂዱትም ተማሪዎች ናቸው። በአሜሪካ የኤፍ ኤም መስመር ዝቅተኛው ክፍል፣ ማለት ከ88 እስከ 92 ሜጋኸርዝ ያለው፣ ለንግድ ላልቆሙ ጣቢያዎች የተከለለ ነው። ጣቢያው ከማስታወቂያ ትርፍ ስለማይጠብቅ ማንም የማያውቀውን ጓድ ሸክላ ቢያሰማ የሚከስረው ነገር የለም።

ከነዚህ ሌላ ለከተማይቱ የጠቀማት አንድ የጎደላት ነገር ነው። የኩባንያ ሰው አልነበረባትም። የሚታዘባቸው ወይም የሚያስፈርማቸው ሰው በሌለበት ወጣቶቹ የሚጫወቱት ጓደኞቻቸውን በግብዣ ላይ ለማስጨፈር ነበር። አድማጩ ከጨፈረ ዘፈኑ ይቆያል፤ ካልጨፈረ ይጣላል። አርባ ዋት ክለብ የሚባለው የሙዚቃ ቤት አጀማመር ይህን በደንብ ያሳያል። በ1978 አንድ ሰገነት ላይ በተደረገ ግብዣ ስፍራውን ያበራ የነበረው አንድ ባለ 40 ዋት አምፑል ብቻ ስለ ነበር ስሙ ከዚያ ወጣ። ቤቱ ከዚያ በኋላ ቦታ እየለዋወጠ አድጎ በአሜሪካ ከታወቁት ክለቦች አንዱ ሆኗል።

3. ሦስት ጓዶች፣ ሦስት መንገድ

ከአቴንስ ከወጡት ጓዶች መካከል ሦስቱን አስተያይቶ ማየት ይጠቅማል፤ ሦስቱም ከአንድ አፈር በቅለው የተለያየ መንገድ ሄደዋልና።

የመጀመሪያው ቢ-ፊፍቲ-ቱስ ነው። ሁለት ሴቶችና ሦስት ወንዶች ሆነው በ1976 ተቋቋሙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተጫወቱትም የካቲት 14 ቀን 1977 በአንድ ጓደኛቸው ቤት በተደረገ ግብዣ ላይ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒውዮርክ ድረስ በመኪና እየተመላለሱ መጫወት ጀመሩ። በ1978 «ሮክ ሎብስተር» የተባለውን ዘፈናቸውን በአትላንታ የሸክላ ሱቅ ያለው ዳኒ ቢርድ ዲቢ ሬከርድስ በሚባለው ትንሽ ማሳተሚያው አወጣላቸው። በ1979 ከትልቁ ከዋርነር ኩባንያ ጋር ተዋውለው መኖሪያቸውን ወደ ኒውዮርክ አካባቢ አዛወሩ። የነሱ መልስ መሄድ ነበር፤ በሥራቸውም ተሳክቶላቸዋል።

ሁለተኛው ፓይሎን ይባላል። ከሥነ ጥበብ ተማሪዎች መካከል የተነሡት አራት ሰዎች በ1980 «ጋይሬት» የተባለውን፣ በ1983 ደግሞ «ቾምፕ» የተባለውን አልበም በዚሁ በዲቢ ሬከርድስ በኩል አወጡ። ሙዚቃውን የጀመሩት ለደስታቸው ነበር። ደስታነቱ ቀርቶ ንግድ ብቻ እየሆነ ሲሄድ በ1983 ሥራውን በገዛ ፈቃዳቸው አቆሙ። የነሱ መልስ ማቆም ነበር። ይህንንም እንደ ሽንፈት መቁጠር አይገባም፤ ማቆምም ራሱን የቻለ ሰው ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው አር ኢ ኤም ነው። ዘፋኙ ማይክል ስታይፕ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበር። ጊታር ተጫዋቹ ፒተር በክ በዋክስትሪ ሱቅ ሸክላ ይሸጥ ነበር። ባስ ጊታር የሚጫወተው ማይክ ሚልስና ድራም መቺው ቢል ቤሪ ሜከን ከምትባለው የጆርጂያ ከተማ የመጡ የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ነበሩ። አራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወቱት ሚያዝያ 5 ቀን 1980 አገልግሎቱን አቋርጦ መኖሪያ በሆነ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተደረገ የልደት ግብዣ ላይ ነበር። የነሱ መልስ በከተማቸው ተቀምጦ መሥራት ሆነ። ከዚህ በኋላ ያለው ሐተታ በተለይ ይህን ሦስተኛውን መንገድ ይመለከታል።

4. ከሸክላ ወደ ራዲዮ፣ ከራዲዮ ወደ መንገድ

በትንሽ ከተማ የተቀመጠ ጓድ ድምፁ ወደ ውጭ እንዲወጣ በቅድሚያ የተቀዳ ነገር ያስፈልገዋል። አር ኢ ኤም በ1981 የጸደይ ወራት ወደ ሰሜን ካሮላይና ሄደው በሚች ኢስተር ስቱዲዮ ተቀዱ። ስቱዲዮውም በወላጆቹ ቤት በመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ የተሠራ ነበር። «ራዲዮ ፍሪ ዩሮፕ» የተባለውን ዘፈን በአንድ ፊት የያዘው ትንሽ ሸክላ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ሂብ-ቶን በሚባል ትንሽ አሳታሚ በኩል ወጣ።

የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ነበር። ከዚህም ውስጥ 600 ያህሉ ለሽያጭ ሳይሆን ለጋዜጦችና ለራዲዮ ጣቢያዎች በነጻ ታደለ። አብላጫውን ቅጂ በነጻ ማደል ለነጋዴ ዓይን ኪሳራ ይመስላል፤ ትንሽ አሳታሚ ግን ማስታወቂያ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው ሸክላው ራሱ ማስታወቂያው ነው። በዚያ እትም ላይ የአሳታሚው አድራሻ እንኳ አልተጻፈበትም ነበር። እንዲህም ሆኖ ፈላጊው በዝቶ ሌላ 6,000 ቅጂ ታትሟል። በዓመቱ መጨረሻም ኒውዮርክ ታይምስ ከዓመቱ ምርጥ 10 ትንንሽ ሸክላዎች ውስጥ ቈጠረው።

ሸክላውን የሚያሰሙት በየዩኒቨርሲቲው ያሉት ጣቢያዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ጣቢያ በራሱ ደካማ ነው፤ ድምፁ ከከተማው አልፎ ብዙ አይሄድም። ነገር ግን ጣቢያዎቹ በመቶ የሚቈጠሩ ከመሆናቸውም በላይ በ1978 የተመሠረተው ኮሌጅ ሚዲያ ጆርናል የትኛው ጣቢያ ምን እንደሚያሰማ እየሰበሰበ ያሳትም ስለ ነበር የአንዱ ምርጫ ወደ ሌላው ይዛመት ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው የደካሞቹ ብዛት የአንድ ትልቅ ጣቢያን ያህል ኀይል ሆነ።

ራዲዮው የከፈተውን በር መንገዱ ይከተለዋል። ጓዱ ሥራ አስኪያጃቸው ጄፈርሰን ሆልት በሚነዳት አሮጌ ሰማያዊ ቫን በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል ከከተማ ወደ ከተማ ይዞሩ ነበር። ለምግብ የተመደበላቸው ለአንድ ሰው በቀን 2 ዶላር ነው። የዚህን ትርጉም በሒሳብ ማየት ይቻላል። አራቱ ተጫዋቾችና ሥራ አስኪያጁ አምስት ሰዎች ናቸውና የቀኑ ምግብ 10 ዶላር ይሆናል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ምሽት 50 ሰዎች እያንዳንዳቸው 2 ዶላር ከፍለው ቢገቡ 100 ዶላር ይሰበሰባል። የቤቱ ባለቤት ድርሻውን ወስዶ፣ ቤንዚን ተገዝቶ ጥቂት ሊተርፍ ይችላል። ወጪው ትንሽ የሆነ ጓድ በ50 አድማጭ ይኖራል፤ ወጪው ትልቅ የሆነ ግን በ500 አድማጭም ይከስራል።

የጉዞው ጥቅም ገንዘብ ብቻ አይደለም። በስድስተኛው ወር ወደዚያችው ከተማ ሲመለሱ 50 የነበረው 100 ይሆናል። በየምሽቱ በማያውቃቸው ሰው ፊት መጫወታቸውም በጓደኛ ግብዣ ላይ ብቻ ቢጫወቱ ሊያገኙት የማይችሉትን ልምድ ይሰጣቸዋል። በዚህ ምክንያት አቴንስ መነሻና መመለሻ እንጂ መዝጊያ አልሆነችባቸውም።

5. ስለ መብትና ስለ ድርሻ

ብዙ ጓዶች የሚፈርሱት በሙዚቃ ሳይሆን በገንዘብ ነው። የዘፈን ገቢ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለተቀዳው ድምፅ የሚከፈለው ሲሆን ሁለተኛው ለዘፈኑ ደራሲ የሚከፈለው ነው። የጓዱ አባሎች አብረው ሲጫወቱ ኖረው ደራሲ ተብሎ የሚመዘገበው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ እሱ ቤት ሲሠራ ድራም መቺው የኪራይ ቤት ውስጥ ይቀራል። ከዚያም በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ዘፈን ለማስቀዳት ይጣላል።

አር ኢ ኤም ይህን በሽታ ከመነሻው ተከላከሉት። ዘፈኑን ማንም ያምጣው ማን፣ ደራሲ ሆነው የሚመዘገቡት አራቱም ናቸው፤ ገንዘቡም ለአራት እኩል ይከፈላል። በውሳኔም ረገድ ከአራቱ አንዱ እንቢ ያለው ነገር አይደረግም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው ተረት በዚህ ሥርዓት ተፈጽሞ ይታያል። ይህ ደግነት ብቻ አልነበረም። ከአንድ ዘፈን በግል የሚያገኘው ትርፍ ስለሌለ ሁሉም የሚደግፈው የተሻለውን ዘፈን ይሆናል።

የመብቱን ጉዳይ በቍጥር እንመልከተው። በ1981 በአሜሪካ ሕግ ለዘፈን ባለመብት የሚከፈለው ለአንድ ዘፈን በአንድ ቅጂ 4 ሳንቲም ነበር። በሁለት ፊቱ ሁለት ዘፈን ከያዘ ሸክላ 1,000 ቅጂ ቢሸጥ ሒሳቡ 80 ዶላር ነው፤ 7,000 ቢሸጥ 560 ዶላር ነው። ገንዘቡ ይህን ያህል ትንሽ ስለ ሆነ ጀማሪ ጓድ መብቱን የሚያስተላልፍ ወረቀት ሲቀርብለት ሳያመነታ ይፈርማል። ነገር ግን «ራዲዮ ፍሪ ዩሮፕ» በ1983 እንደ ገና ተቀድቶ በመጀመሪያው አልበማቸው ላይ ወጥቷል፤ አልበሙም በዚያው ዓመት እስከ 200 ሺ ያህል ተሽጧል። በአንድ ሺ ቅጂ ጊዜ ከንቱ የመሰለ ወረቀት በመቶ ሺ ጊዜ ሀብት ነው። ዘፈን ከሸክላው ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነውና።

በዚህ ረገድ ጓዱን የረዳው በርቲስ ዳውንስ የተባለ የሕግ ተማሪ ነው። በመጀመሪያ ወዳጃቸውና አድማጫቸው ሲሆን በኋላ ጠበቃቸው ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ጥቅም እዚህም ላይ ይታያል፤ ሙዚቀኛው የሚያስፈልገው የሕግ ዕውቀት ከጎረቤቱ ይገኛል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ ስምምነቱ በጊዜው በጽሑፍ መስፈሩ ወዳጅነቱን ጠበቀ እንጂ አልጎዳም።

6. እንቢ ማለት የተቻለበት ጊዜ

በ1982 ትልቁ አር ሲ ኤ ኩባንያ ጓዱን ፈልጎ ነበር። እነሱ ግን አይ አር ኤስ ከሚባለው አነስተኛ ማሳተሚያ ጋር መዋዋልን መረጡ። ይህን ለማድረግ የቻሉት ዕዳ ስላልነበረባቸውና በመንገድ ላይ የሚያገኙት ገንዘብ ለኑሯቸው ስለ በቃ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር «ክሮኒክ ታውን» የተባለው ሸክላ ወጣ። ከዚያም ለአልበሙ የተመደበላቸው የቀረጻ መሪ ፍጹም ቴክኒካዊ ጥራት የሚሻ ሆኖ የጓዱን ጠባይ የሚያጠፋ ስለ መሰላቸው ወደ ሚች ኢስተር መመለስን ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ኢስተርና ባልደረባው ዶን ዲክሰን የመሩት አልበም፣ «መርመር»፣ ሚያዝያ 1983 ወጣ። ሮሊንግ ስቶን የተባለው መጽሔትም የዓመቱ ምርጥ አልበም ብሎ ሰየመው።

ከ1983 እስከ 1987 በየዓመቱ አንድ፣ በጠቅላላው አምስት አልበም አወጡ። አምስተኛው «ዶኩመንት» በአሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከልደት ግብዣው እስከዚያ ድረስ ስምንት ዓመት ያህል መፍጀቱን አንባቢ ሊያስተውለው ይገባል። በ1988 ከዋርነር ኩባንያ ጋር ሲዋዋሉ የሚቀዳውን የመምረጥ ሙሉ ነጻነት ተረጋግጦላቸው ነበር። ስለዚህ ወደ ትልቁ ኩባንያ መግባታቸው ራስን መቻልን መተው አልነበረም፤ በጀማሪነታቸው ቢገቡ ኖሮ ሊጠይቁት የማይችሉትን ነገር ጠይቀው ገቡ። ጽሕፈት ቤታቸውም በአቴንስ መካከል ቆየ።

የእኩልነቱ ሥርዓት እስከ መጨረሻው ሠርቷል። ቢል ቤሪ በ1995 በስዊዘርላንድ በመድረክ ላይ ሳለ በአንጎሉ የደም ሥር ላይ በደረሰ ጉዳት ታመመ። ድኖ ቢመለስም በ1997 ሥራውን ለመተው ፈለገ፤ ይህንንም ያደረገው ሦስቱ እንዲቀጥሉ ከተስማሙ በኋላ ነው። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ በ2011 በስምምነት ሥራውን አቆሙ።

7. የመንገዱ ወሰንና ዋጋው

ከአቴንስ ምሳሌ የሚገኘው ትምህርት ለማንኛውም ትንሽ ከተማ በቀጥታ ይሠራል ማለት አይቻልም። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ያለችው አበርዲን የእንጨት ሥራ ከተማ ስትሆን እንደ አቴንስ ያለ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። ኒርቫና የተባለውን ጓድ ያቋቋሙት ወጣቶች የወጡት ከዚያ ነው፤ ዘፋኙ ከርት ኮቤይን ግን በ1987 ወደ ኦሊምፒያ ተዛወረ። ኦሊምፒያም ትንሽ ከተማ ናት። ነገር ግን በ1971 ትምህርት የጀመረው ኤቨርግሪን ስቴት ኮሌጅ ነበራት፤ የኮሌጁ ራዲዮ ካኦስ ከሚያሰማው ሙዚቃ 80 በመቶው ራሳቸውን ከቻሉ አሳታሚዎች እንዲሆን የሚያዝዝ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በ1982 ደግሞ ኬ ሬከርድስ የሚባል ትንሽ አሳታሚ ተቋቁሞባታል። ከዚህ የምንረዳው ትንሽነት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ትምህርት ቤት፣ ራዲዮና ሱቅ ያሉባት ትንሽ ከተማና እነዚህ የሌሉባት ትንሽ ከተማ አንድ አይደሉም። የሌለው ነገር ግን ሊሠራ ይችላል፤ የኦሊምፒያን ደንብ ያወጡት ሰዎች ናቸው እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ሌላው ጉዳይ የሙዚቀኛው ጤና ነው። ገቢው ያልተረጋገጠ፣ ሌሊት የሚሠራ፣ ሐኪም ለማየት የሚበቃ ገንዘብ የሌለው ወጣት በአእምሮ ጭንቀት ቢያዝ የሚጠጋበት የለውም። በአቴንስ አንዲት እናት ሙዚቀኛና ተማሪ የነበረ ልጃቸው በመንፈስ ጭንቀት ሕይወቱን ካጠፋ በኋላ በ2000 ኑቺስ ስፔስ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ከፈቱ። ድርጅቱ ለሙዚቀኞች የመለማመጃ ክፍል በርካሽ ያከራያል፤ ከአእምሮ ሐኪም ጋርም ያገናኛል። የሚገኘውም አር ኢ ኤም ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጫወቱበት ቤተ ክርስቲያን የቀረው የደወል ማማ አጠገብ ነው። ስለ ሙዚቃ ሥራ ሲታሰብ ጊታርና ማጉያ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለው መጠጊያም ከመሣሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ሊቈጠር ይገባዋል።

8. ዛሬስ?

ከዚያ ዘመን ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በጋራዥ ስቱዲዮ ይሠራ የነበረው ቀረጻ ዛሬ በአንድ ኮምፒዩተር ይሠራል። በ2008 የተከፈተው ባንድካምፕ ሙዚቀኛው ዘፈኑን በቀጥታ ለአድማጩ እንዲሸጥ አስችሏል፤ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደውም በመሠረቱ 15 በመቶ ነው። በሌላ ወገን ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ቅጂ እንደማይከፍል ደንብ አውጥቷል። እንግዲህ ዘፈንን ወደ ዓለም ማውጣት ቀላል ሆኗል፤ በሕዝብ መካከል እንዲሰማ ማድረግ ግን ከብዷል።

በዚህ ምክንያት የአቴንስ ትምህርት አላረጀም። ሸክላ ማሳተም ችግር በነበረበት ጊዜ ያስፈልግ የነበረው ነገር፣ ማለት የቅርብ አድማጭ፣ ርካሽ የመለማመጃ ቦታ፣ ከጎረቤት ከተማ ጋር ያለ ግንኙነትና ግልጽ የሆነ የጽሑፍ ስምምነት፣ ዛሬም ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር አንድ ሺ ጊዜ የተሰማ ዘፈን ሰሚው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ በአንድ አዳራሽ የተገኙ 50 ሰዎች ግን ፊታቸው ይታያል፣ ዳግመኛም ሊመጡ ይችላሉ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተገለጸው አቴንስ ለልጆቿ ያበረከተችው ርካሽ ጊዜ፣ የሚታደስ አድማጭና ፍርድ የማያበዛ ግብዣ ነው። አንዱ ጓድ ይህን ስንቅ ይዞ ሄደ፤ ሁለተኛው ተደስቶበት በቃኝ አለ፤ ሦስተኛው ተቀምጦ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራበት። ሦስቱም የወሰኑት በራሳቸው ነው።

ከትንሽ ከተማ ለመነሣት የሚያስብ ወጣት ሙዚቀኛ እንግዲህ በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ መቼ ልሂድ የሚለው አይደለም። በዚህ ከተማ ውስጥ ለልምምድ የሚሆን ክፍል የት አለ? የሚሰሙን 50 ሰዎች እነማን ናቸው? በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው የሚገኙት እንደኛ ያሉ ሦስት ከተሞች የትኞቹ ናቸው? በመካከላችንስ ድርሻችንን ጽፈን ተፈራርመናል ወይ? የሚሉት ናቸው። እነዚህን የመለሰ ጓድ ቢሄድም ባይሄድም በእጁ የያዘው ነገር ይኖረዋል።